ጠብ ጠብ ስትል ስማት

አቦሉን ጠጥተሃል፤ ቶናው እስኪፈላ አንድ ነገር ልጠይቅህ። መታጠቢያ ቤትህ ግድግዳ ላይ የተሰቀለችው የውሃ ማሞቂያ እንዴት ናት? ደህና ናት? ከሥሯ፣ ቀዝቃዛው ውሃ በሚገባበት በኩል፣ ጎኗ ላይ ትንሽ ማንሻ ያላት የናስ ዕቃ አለች። ሴፍቲ ቫልቭ ይሏታል ባለሙያዎቹ። እሷስ? ጠብ… ጠብ… ትላለች? ትላለች አይደል! ታዲያ ምነው ዝም አልክ? እኔማ ገና ስትገባ ፊትህን አይቼ አንድ ነገር እንዳለ ጠርጥሬ ነበር።

አይዞህ፣ ብቻህን አይደለህም። ፍኖተ ሰላምም ሂድ ቡሬም ሂድ፣ ቤት ሠርቶ ሻወር ያስገባ ሰው ሁሉ ይዋል ይደር እንጂ ይችን ጨዋታ ያመጣታል። መጀመሪያ ከሥሯ ባልዲ ያስቀምጣል። ባልዲው ሞልቶ ወለሉን ሲያረጥበው ሚስት ትቆጣለች። ከዚያ ቧንቧ ሠራተኛ ይጠራል፤ ልጁ መጥቶ ቀና ብሎ ያይና “ጋሼ፣ እሷማ ሥራዋን ነው የምትሠራው” ብሎ መሣሪያውን ይሸክፋል። ጋሼ ግራ ይገባቸዋል። ማፍሰስ ደግሞ እንዴት ሥራ ይሆናል? ይሆናል። እነግርሃለሁ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

እስቲ መጀመሪያ ወደ ገጠሩ ልውሰድህ። ጃቢ ጠህናን ወይም ቡሬ ዙሪያ ገበሬ ቤት ሙቅ ውሃ የሚገኘው ከምድጃ ነው። ብረት ድስቱ ይጣዳል፣ ባህር ዛፉ ይነዳል፣ ጭሱ ዓይን ያስለቅሳል። ውሃው ሲሞቅ ለማን ይቀርባል? መጀመሪያ ለእንግዳ እግር፣ ከዚያ ለአራሷ፣ ከዚያ ጉንፋን ለጣለው። ጉንፋን የያዘውማ የባህር ዛፍ ቅጠል ተጨምሮበት ጋቢ ተከናንቦ ይታጠናል። እዚያ ቤት የሚፈነዳ ነገር ሰምተህ ታውቃለህ? አታውቅም። ድስቱ አፉ ክፍት ነዋ! ውሃው ቢበዛበት ይገነፍላል፣ እሳቱን ያጠፋዋል፣ እናት ትቆጣለች፣ አለቀ። ጣጣው የመጣው ውሃን ብረት ውስጥ ዘግተን ማሞቅ የጀመርን ዕለት ነው።

ደግሞ ሳልነግርህ እንዳልረሳ፣ በእኛ አገር መንገድ ላይ ሙቅ ውሃ የሆቴል ክብር መለኪያ ሆኗል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ደጀንን፣ ደብረ ማርቆስን፣ ደምበጫን አልፎ ፍኖተ ሰላም የገባ መንገደኛ የ387 ኪሎ ሜትር ድካም ተሸክሟል። የመጀመሪያ ጥያቄው “አልጋ አለ?” ነው፤ ሁለተኛው “ሙቅ ውሃ አለ?” የእንግዳ ተቀባይዋን ልጅ መልስ ታውቀዋለህ፤ “አለ፣ መብራት ካለ።” መብራት ሲኖር ውሃ የለም፤ ውሃ ሲመጣ መብራት ይሄዳል። ሁለቱ የተገናኙ ቀን ሳሙናህን ይዘህ ሩጥ። ቡሬማ ከዚህም ይብሳል፤ እዚያ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፣ አንዱ ወደ ባሕር ዳር፣ አንዱ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት። መንገደኛው በዛ፣ ሻወሩ በዛ፣ ጠብ ጠቡም አብሮ በዛ።

ቶናው ደረሰ። ስኳር ልጨምርልህ ወይስ ጨው? ያዝ እንግዲህ፣ ወደ ነገራችን ልመለስ።

ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል። 50 ሊትር የምትይዘውን ማሞቂያ ውሰድ። በ20 ዲግሪ የገባው ውሃ 65 ዲግሪ ሲደርስ መጠኑ ወደ 2 በመቶ ገደማ ይጨምራል። 50 ሊትሩ 51 ሊትር ሊሆን ጥቂት ቀረው ማለት ነው። ታንከሯ ግን ያው 50 ሊትር ናት፤ ብረት ስለሆነች አትለጠጥም። ውሃውም እልኸኛ ነው፣ ጨመቅኩህ ቢሉት አይታመቅም። ታዲያ ያ ትርፍ ውሃ የት ይግባ? በሴፍቲ ቫልቯ ይውጣ እንጂ! በውስጧ ሞላ አለ፤ ሞላው ጎማ የለበሰ ክዳን ተጭኖ ይይዛል። ብዙውን ጊዜ ግፊቱ 8 ባር ሲደርስ ነው የሚከፈተው፤ በ7 የሚከፈትም አለ። አካሏ ላይ ተጽፏል፣ 0.8 ወይም 0.7 ሜጋፓስካል ብሎ ብታገኘውም ያው ነው። ግፊቱ እዚያ ሲደርስ ሞላው ይሸነፋል፣ ጥቂት ውሃ ይወጣል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ክዳኑ ወደ ቦታው ይመለሳል። ያ ነው ጠብ የሚለው።

የደምበጫን አረቄ ታውቀዋለህ። ምን ያስቅሃል፣ ጠጣህ አላልኩም! አረቄ የምታወጣ ሴት ማሰሮዋን ትከድናለች፣ ዙሪያውን ትመርጋለች፣ እንፋሎቱ የሚሄድበትን መቃ ግን ክፍት ትተዋለች። መቃው ቢደፈንባትስ? ድፍድፉን ከጣሪያ ላይ ትለቅመዋለች። ስለዚህ ከእሳቷ ይልቅ መቃዋን ትጠብቃለች። ያንተም ቫልቭ ያች መቃ ናት።

“ታዲያ የጎረቤቴ ለምን አትንጠባጠብም?” ልትለኝ ነው። ጠብቄው ነበር። ጎረቤትህ ምናልባት ቫልቭ የሚባል ነገር አላስገባም፤ ወይም ያስገባው ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክለውን ዓይነት አይደለም። የእሱ ማሞቂያ ስትሞቅ የሰፋው ውሃ በመጣበት ቱቦ ተመልሶ ወደ ሮቶው ይወጣል። ከውጭ ሲያዩት ሰላም ነው። ያንተዋ ግን ወደ ውስጥ እንጂ ወደ ኋላ የማታሳልፍ ክዳን በሆዷ አለች፤ ስለዚህ የሰፋው ውሃ መውጫው እሷ ራሷ ብቻ ናት።

ያች ክዳን ምን ትጠቅማለች? ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ብዙ ትጠቅማለች። አስበው፤ መስመሩ ደርቋል፣ ከቤቱ አንዱ ሰው “መጣ እንዴ?” ብሎ ቧንቧ ይከፍታል። አየር ይገባል፤ ከልካይ ከሌለ ታንከሯ ውስጥ ያለው ውሃ በመጣበት ተንሸራቶ ይወርዳል። በዚህ መሃል መብራት ካለ ማሞቂያ ብረቱ ያለ ውሃ ግሎ ይቃጠላል። ስለዚህ ጎረቤትህ ባልዲ አላስቀመጠም ብለህ አትቅና፤ እሱ አንድ ቀን ሙሉ ማሞቂያ ሊገዛ ይችላል። አንተን ከዚያ የሚጠብቅህና በጠብታው የሚያበሳጭህ አንድ ዕቃ ነው።

እንግዲህ መቼ ነው መጨነቅ ያለብህ? መጀመሪያ ጨርቅ አምጣና ዙሪያውን አድርቅ፤ ከዚያ ከየት እንደሚወጣ እይ። ከቫልቯ የታችኛው አፍ ነው ወይስ ከተጠመዘዘችበት ጥርስ? ከጥርሱ ከሆነ ነገሩ የቴፍሎን ነው፤ ውሃው ተዘግቶ፣ ተፈትቶ፣ ቴፍሎኑ እንደገና ተጠቅልሎ ይጠበቃል። ከራሷ ከታንከሯ ገላ ከሆነ ታንከሯ ዝጋለች፤ እሷን በጸሎት ካልሆነ በመፍቻ አትፈውሳትም። ከአፏ ከሆነ ደግሞ ሰዓቱን ስማ። ሐኪም እንኳ “መቼ መቼ ያምሃል?” ብሎ አይደል የሚጀምረው?

ውሃው ሲሞቅ ብቻ ጠብ ጠብ ብላ ሞቆ ሲያበቃ ዝም የምትል ከሆነ ጤነኛ ናት። 1,500 ዋት የምትስብ ማሞቂያ 50 ሊትሩን ከ20 ወደ 65 ዲግሪ ለማድረስ አንድ ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ ያህል ይፈጅባታል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ሊትር የማይሞላ ብትጥል ምን ይደንቃል? ብሬከሩን አጥፍተህ፣ ውሃው ቀዝቅዞ፣ አሁንም ቀን ከሌት የምትንጠባጠብ ከሆነ ግን ሌላ ነገር አለ።

ሌሊት ሌሊት የሚብስባት ከሆነስ? ያን ጊዜ ጥፋቱ የእሷ አይደለም፣ የመስመሩ ነው። የውሃ ግፊት ከከፍታ ይመጣል፤ 10 ሜትር ከፍታ ወደ 1 ባር ይሰጣል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ፣ ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የእንጦጦን ውሃ በቧንቧ አውርዶ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ላይ ሲያወጣው ውሃ ዳገት ወጣ ተብሎ ጉድ ተባለ። ነገሩ አስማት አልነበረም፤ እንጦጦ ከቤተ መንግሥቱ በላይ ነው፣ ከላይ የወረደ ውሃ ደግሞ የመነሻውን ከፍታ እስኪጠጋ ድረስ መልሶ መውጣት ይችላል።

ያንተም ቤት በዚያው ሕግ ነው የሚተዳደረው። ሮቶህ 5 ሜትር ላይ ቢሰቀል ግማሽ ባር ነው፤ ብቻውን ቫልቯን ሊከፍታት አይችልም። ቤትህ ግን ከከተማው ወደ ዝቅተኛው በኩል ሆኖ የውሃው ማጠራቀሚያ ጉብታ ላይ ከሆነ፣ ልዩነቱም 60 ሜትር ቢሆን፣ 6 ባር ደጅህ ቆሟል፤ ቫልቯ የምትከፈትበትን ሊደርስ ጥቂት ነው የቀረው ማለት ነው። ቀን ሰው ሁሉ ሲቀዳ አይታወቅም። ሌሊት ሁሉም ቧንቧውን ዘግቶ ሲተኛ ግፊቱ ይበረታል፣ ቫልቯም ትነቃለች። እዚህ ላይ ቫልቭ ብትቀያይር ገንዘብህን ነው የምትጨርሰው። መፍትሔው ከማሞቂያዋ በፊት ግፊት መቀነሻ አስገብቶ ወደ 3 ባር ማውረድ ነው፤ ወይም ማሞቂያዋ መስመሩን ትታ ከሮቶው ብቻ እንድትጠጣ ማድረግ።

ሌላው ጠላት ድፍርስ ነው። ውሃ ጠፍቶ ሰንብቶ ሲመጣ ምን መስሎ እንደሚመጣ ለአንተ አልነግርህም። ያ አሸዋና ዝገት ከክዳኑና ከመቀመጫው መሃል ይገባል፤ አንዲት ቅንጣት ብቻ ትበቃለች፣ ክዳኑ ገጥሞ አይዘጋም። ምን ታደርጋለህ? ብሬከሩን አጥፋ፣ ውሃው እስኪበርድ ጠብቅ፣ ባልዲ አስቀምጥ፣ ማንሻዋን ቀስ ብለህ አንሣና ጥቂት አፍስሰህ መልስ። ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ አድርግ። ቅንጣቱ ከታጠበ እሰየው፣ ትዘጋለች። ካልተዘጋች ጎማዋ ተበልቷል ወይም ሞላዋ ደክሟል፤ ቀይራት። ዋጋዋ ከማሞቂያዋ ጋር አይወዳደርም። ለወደፊቱ ደግሞ ውሃ ጠፍቶ የመጣ ዕለት መጀመሪያ የግቢውን ቧንቧ ከፍተህ ድፍርሱን አስወጣው፤ ጥሩ ውሃ ሲመጣ ነው ወደ ማሞቂያዋ የሚለቀቀው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

አሁን ሲኒህን አስቀምጥና ስማኝ። ከቫልቯ የሚወጣው የፈላ ውሃ ወይም እንፋሎት ከሆነ፣ የታንከሯም ሆድ ውስጥ የመንተክተክ ድምፅ ካለ፣ ይህ ሌላ ወሬ ነው። ቴርሞስታቱ ተበላሽቷል፤ በቃሽ የሚላት የለም። ብሬከሩን አጥፋ፣ ማንሻዋን አትንካ፣ ልጆቹን ከዚያ አርቅ፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጥራ። የደህነኛዋ ውሃ እንኳ ቀላል እንዳይመስልህ፤ 60 ዲግሪ የሞቀ ውሃ የአዋቂን ቆዳ በ5 ሰከንድ ያህል ክፉኛ ያቃጥላል፣ ሕፃንንማ አታንሣው።

   

ወደ ፍላቱ ልመልስህ። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ናት፤ እዚያ ድስት ውስጥ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ94 ገደማ ነው። ቡሬ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ከዚያም ዝቅ ይላል። ባቄላው ቶሎ አልበስል ሲል እሳቱን አትውቀስ፣ ከፍታውን ውቀስ። በተዘጋ ብረት ውስጥ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ግፊቱ 8 ባር በደረሰበት ታንከር ውስጥ ውሃ እስከ 175 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ሊግል ይችላል። ያ ብረት ቢቀደድ ከዚያ ውሃ ብዙው ወዲያውኑ እንፋሎት ይሆናል፤ አንድ ሊትር ውሃ ሙሉ በሙሉ ሲተን ደግሞ ከ1,600 ሊትር በላይ እንፋሎት ይወጣዋል። የትኛው ግድግዳ ነው እሱን የሚችለው?

እንግዲህ ይህን ሁሉ እያየን ሰው ምን ያደርጋል መሰለህ? ይደፍናታል! እንጨት ጠርቦ ይወትፋል፣ ላስቲክ ይጠቀልላል፣ ቡሎን ያስገባል። “አሁን አርፋ ተቀመጠች” ይላል። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም። ጠብታዋን እንጂ ግፊቱን አላቆመውም፤ ግፊቱ ከእንግዲህ መውጫ የለውም፣ ሰውየውም መቼ እንደሞላ የሚነግረው የለም።

ይህ የእኛ ሰው ጠባይ ብቻ አይምሰልህ። እንደ ፈረንጆቹ በ1831 በአሜሪካ፣ ደቡብ ካሮላይና ውስጥ፣ “ቤስት ፍሬንድ ኦፍ ቻርለስተን” የምትባል ባቡር ነበረች። እሳቷን የሚማግድላት ሠራተኛ የቫልቯ ፉጨት ሰለቸውና ተጭኖ ዘጋው ይባላል። ፉጨቱ ቆመለት። ጥቂት ቆይቶ የባቡሯ ማፍያ ፈነዳ፤ ሰውየውም በዚያው ሞተ። አየህ፣ የጮኸችው ልታድነው ነበር።

ቫልቯን ያሰባት ሰው ደግሞ ከወጥ ቤት ነው የጀመረው። ፈረንሳዊው ዴኒ ፓፓን በ1679፣ በፈረንጆቹ ነው፣ ለንደን ውስጥ ክዳኑ ጥብቅ ያለ ድስት ሠራና አጥንት ቀቀለበት፤ አጥንቱ ለስልሶ የሚበላ ሆነ። በ1682 የለንደን ሊቃውንት ማኅበር አባላት ከዚያ ድስት የወጣ እራት ተጋብዘዋል። እኛ በጥቅምት አንድ አጥንት እንላለን፤ ሰውየው እኮ ዓመቱን ሙሉ አጥንት ሊያበላ ነው! ታዲያ ድስቱ እንዳይፈነዳበት ክዳኑ ላይ በክብደት የተያዘች ማንሻ አደረገ፤ እንፋሎቱ ሲበረታ ክብደቱን ገፍቶ ይወጣል። ዛሬ በክብደቱ ፈንታ ሞላ ገባ እንጂ ነገሩ ያው የፓፓን ነው።

ጣሪያ ላይ የመስታወት ቱቦ የደረደሩ የፀሐይ ማሞቂያዎችንም አይተህ ይሆናል። የብዙዎቹ ታንከር ግፊት አይችልም፤ ስለዚህ ከላይ ክፍት የአየር መውጫ አለው። እሱንም “ወፍ ይገባበታል” ብሎ የሚደፍን አለ። መሸፈን ከፈለግህ በወንፊት ሸፍነው።

ቫልቭ ልትቀይር ከሄድክ አሮጌዋን በኪስህ ይዘህ ሂድ። የተጻፈባት የግፊት ልክ ከአሮጌዋ ጋር እኩል ይሁን፤ ባለሱቁ “ይች ጠንካራ ናት፣ አትንጠባጠብም” ብሎ ከፍ ያለውን ቢሰጥህ እንዳትቀበል፣ ታንከሯ ከተሠራችበት በላይ እንድትታገል መፍረድ ነው። ገላዋ ላይ ቀስት አለ፤ ቀስቱ ወደ ማሞቂያዋ ማየት አለበት። በእሷና በታንከሯ መካከል ምንም መዝጊያ አይግባ። ስታጠብቃት ደግሞ ጉልበትህን አታሳያት፤ ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል። ከአፏ ላይ ቀጭን ላስቲክ ቱቦ አስገብተህ ወደ ታች ወደ ወለሉ ፍሳሽ ውሰደው፤ ጫፉ ግን ሁልጊዜ ክፍት ይሁን። እግረ መንገድህን ሠራተኛው የምድር ሽቦውን ይይልህ፤ ቧንቧ ስትነካ የምትነዝር ማሞቂያ ካለችህ ከጠብታው በፊት እሷ ትቅደም።

ጠብታውንስ ንቀን እንተወው ወይ? ጤነኛዋን ተዋት። ቀን ከሌት የምትንጠባጠበውን ግን አትናቃት፤ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል። በየሰከንዱ አንዲት ጠብታ በቀን ከ4 ሊትር በላይ ነው፤ በአምስት ቀን አንድ ጀሪካን ሞላች ማለት ነው። ውሃ በፈረቃ በሚጠበቅበት ከተማ አንድ ጀሪካን ምን እንደሆነ ታውቃለህ። እስኪሠራልህ ድረስ ባልዲው ውስጥ የተጠራቀመውን አብርደህ ለጌሾውና ለጤና አዳሙ አጠጣው።

የምልህን ሁሉ ብትረሳ እንኳ ይችን አትርሳ፤ ባለሙያ ጠርተህ ማንሻዋን ሳይነካ፣ ሰዓቱን ሳይጠይቅህ፣ “ጋሼ፣ ልድፈናት?” ካለህ የባጃጁን ስጠውና በሰላም ሸኘው። ከዚያ ሌላ ጥራ።